ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፦ የሕዝብ ጤና ሊቃውንትን የከፈለው ሙግት



በእንግሊዝ አገር ማጨስ ለማቆም እርዳታ የሚጠይቅ ሰው በመንግሥት ወጪ የተገዛ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በነጻ ሊሰጠው ይችላል። ይኸው ዕቃ በሕንድ፣ በብራዚል፣ በሲንጋፖርና በኢትዮጵያ እንዳይሸጥ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በቀር የትም እንዳይሸጥ ተደንግጓል። በእነዚህ ሕጎች ላይ ያማከሩት የጤና ባለሙያዎች ያነበቧቸው ጥናቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ትንባሆ ገዳይ መሆኑንም አንዳቸውም አይጠራጠሩም። ከአንድ ዓይነት ማስረጃ ይህን ያህል የተራራቀ ፍርድ እንዴት ሊወጣ እንደቻለ መመርመር የዚህ ዲስኩር ዓላማ ነው። «ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» የሚለው ዘወትር የሚነሳው ጥያቄ «ለማን?» እና «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ካልተከተሉት በቀር መልስ ሊያገኝ እንደማይችልም ለማሳየት ይሞከራል። የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ በተለምዶ ቬፕ እየተባለ የሚጠራው፣ ባትሪ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን የሽቦ ጥቅልል፣ ለሽቦው ፈሳሽ የሚያቀብል ጥጥና ፈሳሹን የያዘ ትንሽ ቋት ያሉት መሣሪያ ነው። ፈሳሹ የሚዘጋጀው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ሁለት ወፈር ያሉ ፈሳሾች፣ ከኒኮቲንና የፍራፍሬ፣ የሚንት ወይም የከረሜላ ጣዕም ከሚሰጡ ማጣፈጫዎች ነው። ተጠቃሚው ሲስብ ሽቦው ይግላል፣ ጥጡ የመጠጠው ፈሳሽ ይተንናል፣ ተኑም ወዲያው ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ስለሚለወጥ ጉም መስሎ ይታያል። ከአፍ የሚወጣው ነጭ ነገር ጭስ ቢመስልም የተቃጠለ ነገር ስለሌለ ጭስ አይደለም፤ አንዳንድ ሻጮች እንደሚሉት ንጹሕ የውኃ እንፋሎትም አይደለም፤ ከኒኮቲኑ ሌላ ከማጣፈጫዎቹ የሚመነጩ ኬሚካሎችን፣ ከሽቦው የሚላቀቁ ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶችን፣ መሣሪያው ከመጠን በላይ ሲግልም ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ መርዛማ ውሕዶችን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ተራው ሲጋራ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አጫሹ በሚስብበት ቅጽበት የሚነደው ጫፍ ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት የሚቃጠለው የትንባሆ ቅጠልም ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎችን የያዘ ጭስ ያወጣል፤ ከእነዚህም ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይቀንስበታል፤ ታር የሚባለው ጥቁርና ተለጣፊ ዝቃጭ ደግሞ በሳንባ ውስጥ ይከማቻል። በማገዶ ጭስ በታፈነ ማድቤት ስትጋግር የኖረች እናት ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገባላት ዓይኗና ደረቷ ምን ያህል እፎይ እንደሚሉ የሚያውቅ ሰው፣ በማቃጠልና በማሞቅ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም፤ ኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ግን እጅ ያቃጥላል።

አጫሹን ከሲጋራው ጋር የሚያቆራኘው ኒኮቲን ነው። ኒኮቲን ከተሳበ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ አንጎል ደርሶ የደስታ ስሜት የሚፈጥረውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል፤ ድርጊቱ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገምም ሱሱ ሥር ይሰዳል። ይሁን እንጂ የሳንባ ካንሰርን፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ሕመምንና አብዛኛውን የልብ ጉዳት የሚያመጣው ከኒኮቲኑ ይልቅ አብሮት የሚገባው የቃጠሎ ውጤት ነው። በለንደን ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ራስል ይህን ነጥብ በ1976 በግልጽ አስቀምጦት ነበር፤ በእርሱ አገላለጽ አጫሾችን ወደ ሲጋራ የሚስባቸው ኒኮቲን ሲሆን የሚገድላቸው ግን ታሩ ነው። በኋላ «ጉዳት ቅነሳ» እየተባለ የሚጠራው አስተሳሰብ፣ ማለትም አንድን ጎጂ ልማድ ፈጽሞ መተው ላልቻለ ሰው ጉዳቱ ያነሰ ምትክ ማቅረብ ይገባል የሚለው አቋም፣ በትንባሆ ጉዳይ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ኒኮቲን ራሱ ግን ጉዳት አልባ ነው ማለት አይደለም፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ለፅንስ አደገኛ ነው፣ እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ገደማ ማደጉን በሚቀጥለው የወጣት አንጎል ላይም የትኩረትንና ራስን የመግዛትን ችሎታ ሊያውክ ይችላል።

ያለ ቃጠሎ ኒኮቲን የሚሰጥ ሲጋራ የመሥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በ1965 ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የፈጠራ መብት አግኝቶ የነበረ ቢሆንም ዕቃው ለገበያ ሳይበቃ ቀርቷል። ዛሬ የሚታወቀውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን፣ እርሱም ራሱ አጫሽ የነበረ፣ አባቱንም በሳንባ ካንሰር ያጣ ሰው ነበር። መሣሪያው በ2004 በቻይና ገበያ ላይ ዋለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

የእንግሊዝ ሐኪሞች አዲሱን ዕቃ የተቀበሉት ረጅም የሆነ የራሳቸውን ታሪክ ይዘው ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ቁርኝት የሚያሳይ ጥናታቸውን በ1950 ያወጡት በዚያው አገር ነበር፤ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅም በ1962 ሕዝቡን በይፋ አስጠንቅቋል። ከዚያ ወዲህ በግብር፣ በማስታወቂያ እገዳና በሕዝብ መሰብሰቢያዎች ማጨስን በመከልከል የአጫሾቹ ቁጥር ቀስ እያለ ቢቀንስም፣ በ2011 ከመቶ የብሪታኒያ አዋቂዎች 20 ያህሉ አሁንም ያጨሱ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ድሆች፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ ደጋግመው ለማቆም ሞክረው ያልሆነላቸው ነበሩ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለእነርሱ የመዳኛ ቀዳዳ መስሎ መታየቱ አያስገርምም።

በ2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተራው ሲጋራ ጉዳቱ በ95 በመቶ ያነሰ እንደሆነ አስታወቀ፤ ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ስለተናኘ ምንጩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቁጥሩ የመጣው ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ውስጥ የተሰበሰቡ ጥቂት ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ኒኮቲን ሰጪ ምርቶችን በልዩ ልዩ የጉዳት መመዘኛዎች እየመዘኑ ነጥብ ከሰጡበት ጉባኤ ነው። ለተራው ሲጋራ ወደ መቶ የሚጠጋ ነጥብ ሲሰጡት ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሰጡት አራት ገደማ ነበር። ይህ የባለሙያ ግምት እንጂ በታማሚዎች ላይ የተለካ ውጤት አልነበረም፤ ውጤቱን ጽፈው ያሳተሙት ባለሙያዎችም በአብዛኞቹ መመዘኛዎች ላይ ጠንካራ ማስረጃ እንዳልነበረ ራሳቸው ገልጸዋል፤ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔትም መንግሥት በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ ፖሊሲ ማቆሙን አጥብቆ ነቅፏል። በሌላ በኩል የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ በ2016 የሚገኘውን ማስረጃ መርምሮ የረጅም ጊዜ ጉዳቱ ከማጨስ ጉዳት ከአምስት በመቶ ይበልጣል ተብሎ እንደማይታሰብ ደመደመ። በተጠቃሚዎች ሽንትና ትንፋሽ ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ሙሉ በሙሉ ከሲጋራ ወደ ቬፕ በተሸጋገሩ ሰዎች ሰውነት ውስጥ የካንሰር አምጪ ኬሚካሎች መጠን በእጅጉ እንደሚወርድ ያሳያሉ። ስለዚህ «ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰ ነው» ማለት ይቻላል፤ «በ95 በመቶ» ብሎ ልኩን መቁረጥ ግን ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ነው፣ ምክንያቱም የሳንባ ካንሰር ለመታየት ብዙ ዐሥርተ ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በዓለም ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሃያ ዓመት ቢያልፈው ነው።

ዕቃው ማጨስ ለማቆም ይረዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አግኝቷል። በ2019 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ማጨስ ለማቆም ወደ ጤና አገልግሎት የመጡ 886 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ለሁለተኛው ደግሞ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ የኒኮቲን ምትክ ሰጠ፤ ለሁለቱም ወገኖች የምክር ድጋፍ ተደረገላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ በትንፋሻቸው ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተለክቶ እንደተረጋገጠው፣ ከመጀመሪያዎቹ 18 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 9.9 በመቶ የሚሆኑት ማጨስ አቁመዋል። ሐኪሞችን ያስደሰተው ይህ ነው። ተጠራጣሪዎቹ የሚጠቅሱት ግን የዚያኑ ጥናት ሌላ ቁጥር ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ረዳትነት ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ቬፕ ይስቡ የነበረ ሲሆን፣ በምትኩ ካቆሙት ውስጥ ምትኩን ሲጠቀም የተገኘው 9 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ሐኪም ይህን እንደ ስኬት፣ ሌላው ሱሱ ሳይለወጥ ዕቃው ብቻ እንደተለወጠ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመነጨው የሕክምና ግብ ሞትን መከላከል ነው ወይስ ከሱስ ነጻ መውጣት ከሚለው ላይ እንጂ ከቁጥሩ ላይ አይደለም። ኮክሬን የተባለው፣ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ማኅበር ግን በ2022 ኒኮቲን ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማጨስ በማስቆም ረገድ ከተለመደው የኒኮቲን ምትክ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን አረጋግጧል። በ2023 የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች መሣሪያውን ለማደል ያቀደው በዚህ መሠረት ነው።

ይህን ሁሉ አንብበው ያላመኑት ሊቃውንት ጥርጣሬያቸው መሠረት የለሽ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በጥር 1954 የአሜሪካ የትንባሆ ኩባንያዎች ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ባሳተሙት መግለጫ የሕዝቡን ጤና ከማንኛውም ነገር እንደሚያስቀድሙ ቃል ገብተው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እውነቱን ሲሸሽጉ ኖረዋል፤ በ2006 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕዝቡን ማታለላቸውን ወስኖባቸዋል። ከማታለያዎቹ ሁሉ የከፋው «ላይት» የተባለው ሲጋራ ነበር። የዚህ ሲጋራ ማጣሪያ ዙሪያውን በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ በመሆኑ፣ የታርን መጠን የሚለካው ማሽን ሲስበው አየር በቀዳዳዎቹ እየገባ ጭሱን ያሳሳውና ዝቅተኛ ቁጥር ይመዘገባል፤ ሰው ሲያጨሰው ግን ቀዳዳዎቹን በጣቶቹና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፣ ኒኮቲኑ ሲያንሰውም አጥብቆና አዘውትሮ ይስባል፣ በመጨረሻም የሚገባው መርዝ ከተራው ሲጋራ እምብዛም አያንስም። ማጨስ ለማቆም አስበው የነበሩ ሚሊዮኖች «ጉዳቱ ያነሰ» የተባለውን መርጠው ማጨሳቸውን ቀጠሉ፤ ብዙዎቹም ሞቱበት። ያንን ዘመን ያዩ የጤና ባለሙያዎች «ጉዳቱ ያነሰ አዲስ ምርት» የሚል ቃል ሲሰሙ ቢደነግጡ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ በተለይም ዛሬ ታላላቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች የቬፕ ባለቤቶች ሆነው ሲታዩ።

ጥርጣሬውን እውን ያደረገው ጁል የተባለው ምርት ነው። በ2015 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ይህ መሣሪያ የኮምፒውተር ፍላሽ የመሰለ፣ በጭብጥ ውስጥ የሚደበቅ፣ ሽታው ቶሎ የሚጠፋ ነበር። ዋናው ልዩነቱ ግን በፈሳሹ ውስጥ ነበር። ኒኮቲን በተፈጥሮው ጉሮሮን ስለሚከነክን በብዛት ለመሳብ ያስቸግራል፤ የጁል ሠሪዎች ቤንዞይክ አሲድ ጨምረውበት «የኒኮቲን ጨው» ወደሚባል ለስላሳ ቅርጽ ስለለወጡት፣ አጭሶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ሳያስለው ከፍተኛ መጠን መሳብ ቻለ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ኒኮቲን እንዳይኖር ሲከለክል፣ በአሜሪካ የተሸጠው ጁል ግን ወደ 59 ሚሊ ግራም የሚደርስ ነበረው። በ2017 ከመቶ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 11.7 የሚሆኑት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይጠቀሙ የነበረ ሲሆን፣ ቁጥሩ በ2018 ወደ 20.8፣ በ2019 ወደ 27.5 አሻቀበ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ስኮት ጎትሊብ ሁኔታውን ወረርሽኝ ብለው ጠሩት። ማርልቦሮን የሚሠራው አልትሪያ በታኅሣሥ 2018 የጁልን 35 በመቶ ድርሻ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም በልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ያለው ዕቃ የትምህርት ቤት ፍላሽ ይሁን የኒኮቲን መሣሪያ ለመለየት የተቸገሩበት ዘመን ይኸው ነበር፤ ስለ ዕቃው በአማርኛ ተብራርቶ የተጻፈ ነገር እምብዛም አለመኖሩም ችግሩን አብሶታል።

በ2019 ክረምት ሌላ ድንጋጤ ተጨመረ። ጤነኛ የነበሩ አሜሪካውያን ወጣቶች በድንገት መተንፈስ እያቃታቸው ወደ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር፤ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች በዚህ ሕመም ሲያዙ 68ቱ ሞተዋል። ጋዜጦች «የቬፕ ገዳይ በሽታ» ብለው ጻፉ፤ ሕንድም በመስከረም 2019 ዕቃውን ከለከለች። ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን ሳንባ በፈሳሽ አጥበው በመረመሩ ጊዜ ግን ከ51 ታማሚዎች በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሴቴት የተባለ ቅባት ሲገኝ፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረመሩት 99 ጤነኛ ሰዎች በአንዱም ላይ አልተገኘም። ይህ ቅባት ከተራው የኒኮቲን ፈሳሽ የመጣ አልነበረም፤ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሸጥ የካናቢስ ዘይት ነጋዴዎች ምርታቸውን ለማወፈር የሚቀላቅሉት ነበር። እውነቱ ከታወቀ በኋላም የመጀመሪያው ወሬ ከሕዝቡ አእምሮ አልወጣም። በ2019 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ቬፕ ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሚያስከትል ያመለከተው ጥናትም በየካቲት 2020 ተሽሯል፤ ከተቆጠሩት ታማሚዎች ብዙዎቹ ልባቸውን የታመሙት ቬፕ ከመጀመራቸው በፊት እንደነበር ተደርሶበታልና። እንዲህ ያለ ስሕተት ለበጎ ዓላማ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ሲጋራ የሚያጨስ የሃምሳ ዓመት ሰው «ቬፕም ያው ነው» ብሎ ካመነ የሚቀጥለው ማጨሱን ነው፤ በብሪታኒያ በ2024 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከአጫሾቹ ግማሽ ያህሉ ቬፕ ከሲጋራ እኩል ወይም የበለጠ እንደሚጎዳ ያምኑ ነበር። የጉዳት ቅነሳ ደጋፊዎች ቁጣ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነው።

የሙግቱ ልብ ያለው ግን ወጣቶቹ ዘንድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2018 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ቬፕ የሞከሩ ወጣቶች ካልሞከሩት ይልቅ በኋላ ሲጋራ የመሞከር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለ ብለዋል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ሲተረጉሙ ቬፕ ወደ ሲጋራ የሚያስገባ በር ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አዲስ ነገር ለመሞከር የሚደፍር ልጅ ቬፕ ባይኖርም ሲጋራ መሞከሩ አይቀርም፣ ሁለቱም ከአንድ ባሕርይ የሚመነጩ ናቸው ብለው ይከራከራሉ። የበሩ መላ ምት እውነት ቢሆን ኖሮ ቬፕ ሲስፋፋ ማጨስም ሊስፋፋ ይገባ ነበር፤ በአሜሪካ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፣ ሲጋራ የሚያጨሱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2011 ከመቶ 15.8 ከነበሩበት በ2019 ወደ 5.8፣ በ2024 ወደ 1.7 ወርደዋል። ቬፕ የሚጠቀሙትም በ2024 ወደ 7.8 ዝቅ ብለዋል። ስለዚህ የበሩ ክርክር በአገር ደረጃ ሲታይ ደካማ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና ይህ ወላጆችን ሊያጽናና አይገባም፤ አጭሶ የማያውቅ፣ የማጨስም ሐሳብ ያልነበረው የ15 ዓመት ልጅ ወደ ሲጋራ ባይሻገር እንኳ በራሱ በቬፕ የኒኮቲን ሱሰኛ መሆኑ በቂ ጉዳት ነው፤ ለእርሱ ቬፕ የሚነጻጸረው ከሲጋራ ጋር ሳይሆን ከንጹሕ አየር ጋር ነውና።

በትንባሆ ምርምር ዓለም አቀፍ ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ያገለገሉ 15 ምሁራን በ2021 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ላይ በጋራ ባወጡት ጽሑፍ ወጣቶችን የመጠበቅ ጥረት አዋቂ አጫሾችን ሊጎዳ እንደሚችል ጠቁመው፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት እንዲታሰቡ ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ወደ ጥንቃቄው ያደላል፤ በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ማሳሰቢያ 34 አገሮች ሽያጩን ሲከለክሉ 74 አገሮች ምንም ዓይነት ደንብ እንደሌላቸው፣ 88 አገሮችም ለገዢው የዕድሜ ገደብ እንዳላበጁ ገልጾ መንግሥታት እንዲነሱ አሳስቧል።

የእገዳ ሕግ በራሱ መፍትሔ አለመሆኑን አውስትራሊያ አሳይታለች። በዚያ አገር ዕቃው ከ2021 ጀምሮ በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲገኝ፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮም ከመድኃኒት ቤት ውጭ እንዳይሸጥ ሲደረግ፣ የተራው ሲጋራ ግብርም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ገበያው ወደ ወንበዴዎች እጅ ገባ፤ በሜልበርንና በአካባቢዋ ከ2023 ወዲህ በወንበዴዎች ፉክክር የትንባሆ ሱቆች በተደጋጋሚ በእሳት ጋይተዋል። እንግሊዝም በበኩልዋ አንድ ጊዜ ተስቦ የሚጣለው ርካሽና ባለ ደማቅ ቀለም ቬፕ በልጆች ዘንድ ከመስፋፋቱ የተነሳ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች፤ ለአጫሹ የሚሰጠውንና ልጁን የሚያጠምደውን ዕቃ መለየት እንደሚቻል ይህ ውሳኔ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የተወሰነው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ሲሆን፣ አዋጁ በተዘጉ የሕዝብ መሰብሰቢያዎችና የሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ የትንባሆ ማስታወቂያን፣ ማጣፈጫ የተጨመረበት ትንባሆን፣ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም ትንባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ይህ ሕግ የእንግሊዝን መንገድ ባለመከተሉ ሊነቀፍ ይገባዋል ወይ ቢባል፣ የዚህ ዲስኩር መልስ አይገባውም የሚል ነው። በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ አብዛኛው ሕዝብ ከ30 ዓመት በታች የሆነባት፣ ከመቶ አዋቂዎቿ 95ቱ ትንባሆ የማይነኩባት አገር ከአዲሱ ዕቃ የምታተርፈው ጥቂት፣ የምታጣው ብዙ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓለም አቀፍ የትንባሆ ኩባንያ በ2016 እና በ2017 የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅትን 71 በመቶ ገደማ ድርሻ በ944 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ዛሬ ላሉት ጥቂት አጫሾች ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ገና ያላጨሱትን ብዙዎች ተስፋ አድርጎ ነው። ብሪታኒያ የነበራት ችግር ማቆም ያልቻሉ ሚሊዮኖች ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ችግር ገና ያልጀመሩ ሚሊዮኖችን መጠበቅ ነው።

እገዳው ትክክል የሚሆነው ግን በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ሕጉን በተግባር ማስፈጸም ነው፤ በኪስና በሻንጣ በቀላሉ የሚገባ ዕቃ በወረቀት ላይ ብቻ የሚከለከል ከሆነ፣ ወጣቱ የሚያገኘው ኒኮቲኑ ያልተለካውን፣ ቅልቅሉ ያልታወቀውን ይሆናል፤ የ2019ኙ የአሜሪካ ሞት የመጣውም ከእንዲህ ያለው ገበያ ነበር። ሁለተኛውና ይበልጥ የተረሳው ደግሞ አጫሹ ነው። ከመቶ አምስት ማለት በዚህ ሕዝብ ብዛት ሚሊዮኖች ማለት ነው፤ ሕጉ ጉዳቱ ያነሰውን ምትክ ከነፈጋቸው በኋላ ገዳዩ ሲጋራ በየሱቁ ሲሸጥላቸው መኖሩ ፍትሕ አይደለም። የኒኮቲን ምትክ ከ2009 ጀምሮ፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉት የማቆሚያ መድኃኒቶችም ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ቬፕን የከለከለ መንግሥት እነዚህን በየጤና ጣቢያው በአነስተኛ ዋጋ የማቅረብ፣ የጤና ባለሙያውም እያንዳንዱን አጫሽ ጠይቆ የማማከርና እስኪያቆም ድረስ የመከታተል ግዴታ አለባቸው።